በዘጠኝ የምትመጣው

ውብአየሁ ወር በገባ በዘጠኝ ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ የምትሄደው ቀንድ አውጣ ለመቁጠር ነው። ይህን የሰማ ሰው አንድም ይስቃል፣ አንድም ቀስ ብሎ ፈቀቅ ይላል፤ ስለዚህ ለማንም አትናገርም። የሚኒባሱ ረዳት ቦቲ ጫማዋን፣ ነጭ ሳፋዋንና እጀታው የረዘመ ወንፊቷን አይቶ ዓሣ አጥማጅ ናት ብሎ ደምድሟል። እንዲያውም አንድ ቀን፣ "እማማ፣ ለኔም አንድ ጣል ያድርጉልኝ እንጂ" ብሎ አሹፎባታል። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ያም ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲከነክናት የዋለው ዓሣው ሳይሆን እማማ መባሏ ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰበታ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ በቴክኒሻንነት ሠርታለች፤ ሥራዋም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀንድ አውጣ መግደል ነበር። እንዶድ ትወቅጣለች፣ ትበጠብጣለች፣ በየብርጭቆው በልክ በልኩ ትጨምራለች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ስንቱ በስንት ሰዓት እንደሞተ ትጽፋለች። የከብትና የበግ ጉበት የሚያበላሸው ትል ልጅነቱን የሚያሳልፈው በአንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ ስለሆነ፣ ያንን ማጥፋት እንደ ጽድቅ ሥራ ይቆጠር ነበር። ግን ሰው የሚገድለውንም ቢሆን በየቀኑ ካየው ይለምደዋል። ውብአየሁም ለመደች፤ ውላ አድራ ደግሞ ከመግደሉ ይልቅ ማየቱ ያዛት።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ቤተ ሙከራው ከገፈርሳ ግድብ በላይ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ባለች አንዲት ምንጭ የቆጠራ ጣቢያ ከፈተ። የአካባቢው ሰው በኦሮምኛ ቡርቃ ነው የሚላት፤ ምንጭ ማለት ነው፣ ሌላ ስም የላትም። ከድንጋይ ሥር ትወጣና አንዲት ጎጆ የምታህል ኩሬ ሠርታ፣ ሞልታ፣ ወደ ታች ወደ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የከብት ማጠጫ ገንዳ ትወርዳለች። ለአምስት ዓመት ነጭ መኪና እየመጣ ተቆጠረ። ከዚያ ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ መኪናው ወደ ሌላ ሥራ ሄደ፣ ባለሙያዎቹ ተበተኑ፣ ቆይቶ ውብአየሁም ጡረታ ወጣች። ቁጠሪ ያላት አልነበረም፤ አቁሚ ያላትም አልነበረም። በሚኒባስ እየሄደች መቁጠሯን ቀጠለች፤ ብቻዋን ስትቆጥር ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆናት።

አቆጣጠሩ ከባድ አይደለም። ከሽቦ የተሠራ አራት ማዕዘን አላት። ኩሬው ውስጥ አሥር ቦታ ታስቀምጠዋለች፣ በሽቦው ክልል የተገኘውን ቀንድ አውጣ ሁሉ ለቅማ ነጩ ሳፋ ውስጥ ታደርጋለች፣ ትቆጥራለች፣ ሰማያዊ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ ከዚያ መልሳ ትለቃቸዋለች። የምትቆጥራት ያቺ የበግ ጠላት አይደለችም። ትሉን የምትሸከመው አፏ በቀኝ ነው። ይቺ ግን ጫፏን ወደ ላይ አድርገው ፊት ለፊት ሲይዟት አፏ በግራ በኩል ይከፈታል፤ ለዚህ ነው ውብአየሁ ግራኟ የምትላት። ቡናማ፣ ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ በየኩሬው የሞላች፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ናት። ቀኑን ሙሉ ሥራዋ ድንጋይ ላይ የሚጋገረውን አረንጓዴ ዝልግልግ መጋጥ ነው፤ እሷ ያለችበት ድንጋይ የታጠበ ይመስላል።

ቡራዩ የተከራየችበት ግቢ ስድስት ቤት አለው። አምስቱ ቤት ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ ለአዲስ አበባ ትራንስፖርት ይሰለፋሉ፣ ከመሸ በኋላ ደክመው ይገባሉ፤ ቀን ላይ ግቢው ውስጥ ከውብአየሁና ከልብስ ማስጫው ገመድ በቀር ማንም የለም። ሰበታ ያለችው የእህቷ ልጅ ሐኒ እሑድ እሑድ ትደውልላታለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን ሁልጊዜ ታክሲ ውስጥ ሆና ነው የምትደውለው፣ ሁልጊዜም ወራጅ ናት። መስኮቱ ሥር በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አንዲት ግራኟ አለች። ይቺ ፍጥረት ብቻዋን ብትቀር ያለ ወንድ ያለ ሴት ራሷ ለራሷ ትበቃለች፤ ብቻዋን ዕንቁላሏን ጥላ ብቻዋን ዘር ትተካለች። ሌላ ካገኘች ግን ሌላዋን ትመርጣለች። ውብአየሁ ይህን ካነበበች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ሲከፋት ግን አሁንም ትዝ ይላታል።

ምንጯ ጋ ያሉት ሰዎችም ከግቢው ሰው አይሻሉም። ገና ከባሕር ዛፉ ብቅ ስትል ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሳፋቸውን አንሥተው ይሄዳሉ፤ ኦቦ አማኑ የሚባሉት ሽማግሌ፣ የገንዳው ባለቤት፣ ከብቶቻቸውን ከኩሬው ያርቁና ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "አካም ቡልተን" ብለው እጅ ይነሣሉ። እንዴት አደሩ ማለታቸው ነው። "ነጋ" ትላቸዋለች፣ ደህና። ከዚያ እሳቸውም የሉም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰላምታ ያለፈ ነገር ከማንም አልሰማችም። ውሃ ውስጥ የምትንከላወስ ብቸኛ አሮጊት ሆና ታስፈራቸው ይሆናል ብላ ታስብና ትተወዋለች። ተወችው ማለት ግን አላመማትም ማለት አይደለም።

አንድ ቀን ብቻ ደፍራ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰኔ ዘጠኝ፣ ግራኟ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆና ተገኘች። ከቆጠራው መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አይታወቅም። ውብአየሁ ደግማ ቆጠረች፤ ያው ነው። ደስታው አላስቀምጣት አለ፤ ዞር ብላ ብታይ ተረፈች የምትባል ሴት ብቻ ቀርታ ነጠላ ትጨምቃለች። "አራት መቶ አሥራ ሁለት ደረሱ" አለቻት፣ ጥርሷ እየታየ፣ ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ እየጻፈች። ተረፈች ክው ብላ አየቻትና ያልተጨመቀውን ልብስ ሳፋ ውስጥ ወርውራ፣ ውሃው በእግሯ ላይ እየፈሰሰ ሄደች።  ማታ ውብአየሁ ቤቷ ስትገባ ግን ደስታው አብሯት አልገባም።

ከዚያ ወዲያ ነው ግራኟ መጥፋት የጀመረችው። ሐምሌ ላይ ሦስት መቶ፣ መስከረም ላይ ሁለት መቶ ከምናምን፣ ዓመቱ ሲዞር መቶ አርባ፣ ቀጥሎ ስድሳ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ባለፈው ጥር ዘጠኝ ሰባት። ሰባት ብቻ። ኅዳር ላይ ሠላሳዎቹን ቅርፊታቸውን በቀይ የጥፍር ቀለም ነክታ ለቅቃቸው ነበር፤ ከነሱ አንዲትም ተመልሳ አልተገኘችም። ውሃውን ለካች፤ ሙቀቱ ያው፣ ጥራቱ ያው። ድንጋዮቹም እንደ ድሮው ንጹሕ ናቸው። ይህን አይታለች፤ አይታ ግን አልፋዋለች። ግራኟ ከጠፋች ድንጋዩን ማን ጋጠው ብሎ መጠየቅ ከእሷ ይጠበቅ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የሠራች ሰው ናት። ሰው ግን አንዴ ለልቅሶ ከተቀመጠ ሬሳው የት አለ ብሎ አይጠይቅም።

ደብተሩን ፎቶ እያነሣች ለተድላ የላከችው በዚህ ጊዜ ነው። ተድላ ከዓመታት በፊት በቤተ ሙከራው ለተግባር ልምምድ መጥቶ እሷ ናት ማይክሮስኮፕ ያስያዘችው። አሁን አዲስ አበባ የውሃ አካላትን በሚመለከት መሥሪያ ቤት የቡድን መሪ ሆኗል፤ እሷን ግን አሁንም እትዬ ነው የሚላት። በሳምንቱ ቤቷ ድረስ መጣ። ደብተሮቹን አንድ በአንድ ገልጦ ሲያበቃ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። አሥራ አራት ዓመት ሳይቋረጥ የተቆጠረ ነገር አገር ውስጥ አለ ብሎ አላሰበም ነበር፤ በዚያ ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ መመናመኑ ሰሚን ሁሉ ያስደነግጣል አላት። የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ይጻፋል፣ የካቲት አሥራ አምስት ይገባል፤ ሰበታ አንድ ክፍል ይሰጣል፣ አምስት ወጣቶች ይቀጠራሉ፣ የመስክ ሥራውን የምትመራው እሷ ናት። የቀረው የውሃ ናሙና ብቻ ነው። የካቲት ዘጠኝ በማለዳ ሾፌር ከቡራዩ ይወስደዋል፤ ስለዚህ በስምንት ተቀድቶ መጠበቅ አለበት።

እሱ ከሄደ በኋላ ውብአየሁ ብዙ ሰዓት ተቀምጣ ቀረች። አምስት ወጣቶች። ስማቸውን ሳታውቅ ጠባያቸውን ማሰብ ጀመረች፤ አንዷ ውሃ የምትፈራ፣ አንዱ ቁጥር የሚዘል። በማግስቱ ገበያ ወጥታ ስድስት የሻይ ብርጭቆ ገዛች። ቤቷ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ነበር፤ ሁለተኛውም አቧራ ነበረበት። አዲሶቹን በጋዜጣ እንደተጠቀለሉ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠቻቸውና እያለፈች እያገደመች ታያቸው ነበር። ግራኟ በመጥፋቷ አልቅሳለች፤ ያውም ከልቧ። ነገር ግን የግራኟ መጥፋት ነው ሰው ሊያመጣላት የነበረው፤ ይህንንም ታውቀዋለች።

የካቲት ስምንት ጠዋት ባዶ ጠርሙሶቿን ይዛ ከባሕር ዛፉ ስትወጣ፣ ኩሬው ውስጥ ሰው ጎንበስ ብሏል። ኦቦ አማኑ ናቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በሌላው ከየድንጋዩ ሥር ቀንድ አውጣ እየለቀሙ አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጄሪካን ውስጥ ይጨምራሉ። ጄሪካኑ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ሽማግሌው ቀና አሉ። ሲኮርጅ የተያዘ ተማሪ ይመስላሉ። ወደ እሷ አዩ፣ በጣታቸው የሆነ ነገር ቆጠሩ፣ ከዚያ ተሳስታ የመጣችው እሷ እንደሆነች ሁሉ፣ "ዛሬ ስምንት ነው እኮ" አሉ። "የእርስዎ ቀን ነገ ነው።"

"ማን ልቀሙ አለዎት?"

"እርስዎ ነዎት።"

ከኩሬው ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው ነገሯት። ያኔ ነጩ መኪና መጀመሪያ የመጣ ቀን፣ እሷ እዚህች ድንጋይ ላይ ቆማ፣ አንዲት ቀንድ አውጣ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ እነዚህ ከበዙ ውሃው በሽተኛ ነው፣ በሽተኛ ውሃ ደግሞ ይዘጋል ብላ ነበር፤ ሾፌሩ በኦሮምኛ አስተርጉሟል። ሁሉም ሰምቷል። ከዚያ በየወሩ እየመጣች ስትቆጥር በፍርሃት ሲያዩዋት ኖሩ። ውሃውን አቆሸሹት እንዳትል ልብሳቸውን ያነሡ ነበር፣ ከብቶቻቸውንም ያርቁ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰኔ ላይ ግን ተረፈች ሮጣ መጥታ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ደርሰዋል፣ ዶክተሯ በቀይ ጻፈች አለች። ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። ምንጩ ከተዘጋ የሚጠጣው ከየት ነው? ከዘጠኝ በፊት ይለቀም ተባለ።

"መጀመሪያ ሁላችንም ነበርን" አሉ ኦቦ አማኑ። "አሁን ሁሉም ሥራ አለው። ልጆቼም ፋብሪካ ገብተዋል። እኔ ግን ቤትም ብሆን ብቻዬን ነኝ፤ እኔ እለቅማለሁ አልኩ።"

ውብአየሁ ያንን ቀን ለማስታወስ ብዙ አልደከመችም። ተናግራለች። ስለ ሌላዋ፣ አፏ በቀኝ ስለሆነችው ነበር የተናገረችው፤ ግን እጇ የገባችውን አንሥታ ነው ያሳየችው። አሥር ደቂቃ የማይሞላ ንግግር ነበር፤ ፀሐዩ ከብዷት ቶሎ ጨርሳ ወደ መኪናው ገብታለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ምን እንደምትሠራ ለማንም አልነገረችም። አይወዱኝም ብላ ስታዝንባቸው የኖረችው ሰዎች በገዛ ቃሏ ሲፈሯት ነው የኖሩት።

"ገደሏቸው?" አለች።

ኦቦ አማኑ ተቀየሙ። "ለምን ብዬ? ምን አደረጉኝ?" ብለው ተነሡና ጄሪካኑን ይዘው ቁልቁል መሩዋት። ገንዳው ከቤታቸው ጓሮ ነው፤ የምንጩ ትርፍ ውሃ ይገባበታል። ውብአየሁ ጎንበስ ብላ አየች። ግድግዳው ላይ፣ ሥሩ ላይ፣ በወደቀው ቅጠል ላይ፣ በየቦታው ግራኟ ናት፤ ትልልቁም ትንንሹም። መሐላቸው ቀይ ነጥብ ያለባቸው አሉ። ኅዳር ላይ በራሷ የጥፍር ቀለም የነካቻቸው።

ሽማግሌው የጄሪካኑን ጨምረው ሲያበቁ የቀረውን ነገሯት። በመጀመሪያው ወር የለቀሙትን ሣር ላይ ደፍተውት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ድንጋዩ አረንጓዴ ለበሰ፣ ጊደራቸው አዳልጧት ወደቀች፣ ውሃውም ጠረኑ ተለወጠ። ኦቦ አማኑ ለካ እነዚህ ናቸው ድንጋዩን የሚያጥቡት አሉ በልባቸው፤ ከታች ከረግረጉ ሰብስበው መልሰው አመጡ። ከዚያ ወዲህ ግን በስምንት ለቅመው ገንዳ ውስጥ ያሳድሩና በአሥር፣ እሷ ከሄደች በማግስቱ፣ ወደ ኩሬው ይመልሷቸዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ክረምት ከበጋ፣ አንድ ወር ሳያጓድሉ።

"እነሱ ከሌሉ ድንጋዩ ይታመማል" አሉ። "ይህን ለመንግሥት ማን ይነግረዋል?"

ውብአየሁ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ድንጋዩ ይታመማል ያላት ሰው አልነበረም፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንኳ እንዲህ አድርጎ የተናገረ የለም። እሷ የምታውቀውን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው እዚሁ ከኩሬው በታች ሲኖር፣ በየወሩ አካም ቡልተን ነጋ ተባብለው ሲለያዩ ኖረዋል። ኦቦ አማኑ የምታስቀጣቸው መስሏቸው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ጨብጠው ቆመው ይጠብቃሉ። ነገሩን የሚያስተካክል መስሏቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

"ለነገ ኩሬው ውስጥ ስንት ላስቀርልዎ?"

 ስንት ላስቀርልዎ። ሰባት ብትል ሰባት ይሆናል። አምስት ብትል አምስት። ከዚያ ተድላ ይጽፋል፣ ክፍሉ ይከፈታል፣ ልጆቹ ይመጣሉ፣ ስድስቱ ብርጭቆዎች ከጋዜጣው ይወጣሉ። ሽማግሌው እንደሆኑ እስከ ሞታቸው ድረስ አይናገሩም። ጠርሙሶቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ገንዳው ውስጥ አንዲት ባለ ቀይ ነጥብ ግድግዳውን እየላሰች ስትወጣ በዓይኗ ተከተለቻት።

"ገንዳው ውስጥ አንድም አያስቀሩ" አለች በመጨረሻ። "ሁሉንም ይመልሷቸው። ዛሬውኑ።"

ኔትወርክ ያለው ከባሕር ዛፉ በላይ፣ ከኮረብታው አናት ነው። እዚያ ወጥታ ለተድላ ደወለችና ሁሉንም ነገረችው።  ከዚያ ተድላ በለሰለሰ ድምፅ፣ ክፉ ልጅ አይደለም፣ እንዲህ አላት።

"እትዬ፣ ሰው እጁን የሚዘረጋው እየጠፋ ላለ ነገር ነው። ሞልቶ ለተረፈ ቀንድ አውጣ ማን ይሰጣል? ደግሞስ ይህን ከእርስዎና ከሽማግሌው ሌላ ማን ያውቃል?"

"ማንም አያውቅም" አለች። "አሥራ አራት ዓመት ማንም ሳያየኝ ነው የቆጠርኩት፣ ተድላ። መዋሸት ብፈልግ ቤቴ ቁጭ ብዬ እጽፈው ነበር።"

ሾፌሩ እንደማይመጣ ነገራት፤ በኋላ እደውላለሁ አለ። አልደወለም። ውብአየሁ ቤቷ ገብታ ሰማያዊውን ደብተር አወጣች። ያለፉትን ሁለት ዓመት ገጾች ልትቀድ ነበር፤ ወረቀቱን ከያዘች በኋላ ተወችው። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ፣ ኦቦ አማኑ የለቀሟቸውን አይጨምርም ብላ ጻፈች። ሃያ ገጽ ያህል ስለሆነ እጇ ዛለ። ብርጭቆዎቹን ያላየች መስላ መብራቱን አጠፋች።

በዘጠኝ ስትደርስ ሰው አልሸሸም። ኦቦ አማኑ ተናግረው ኖሮ አሥራ አምስት የሚሆን ሰው ከዛፉ ሥር ቆሟል፣ ተረፈችም ከፊት። ውብአየሁ ሽቦዋን አሥር ቦታ አስቀመጠች፤ በዚህች ቀን ግን ጮክ ብላ ቆጠረች። አራት መቶ ሠላሳ አንድ። ቁጥሩ ሲያድግ የሰዎቹ ፊት እየጠቆረ ሲሄድ ይታያታል። ጨርሳ ወጣችና ያችኑ ድንጋይ ላይ ቆማ፣ በዚያን ጊዜ የያዝኳት ይቺን ነበር፣ የተናገርኩት ግን ስለ ሌላዋ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለች። ይቺ በዝታ የታመመ ውሃ የለም። ማንም ምንጫችሁን አይዘጋም፤ እኔም መዝጋት የምችል ሰው አይደለሁም።

እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ግን ጀምራዋለች። ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ነጩ መኪና ካልመጣ ወዲህ እኔን የላከኝ ማንም የለም አለቻቸው።

"ታዲያ ለማን ነው የሚጽፉት?" አለች ተረፈች።

"ለማንም።"

 አንዱ ጎልማሳ አፉን ይዞ ሳቀ፤ ሌሎች ደግሞ በኦሮምኛ እየተንሾካሾኩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተረፈች አልሳቀችም። ሳፋዋን ጭንቅላቷ ላይ እያስተካከለች፣ "እኛ እኮ በየወሩ አንድ ሰው ሲልክልን መንግሥት አልረሳንም ብለን ነበር" አለች። ክፋት አልነበረበትም፤ እንደዚያው ነው የተሰማት። ከዚያ አንድ በአንድ ወደየሥራቸው ሄዱ። ልብስ የሚያጥቡት አሁን ሳይፈሩ ማጠባቸውን ቀጠሉ፤ ማንም እጅ አልነሣትም፣ ማንም ከብቱን አላራቀላትም። ውብአየሁ ቀንድ አውጣዎቹን መልሳ ለቀቀችና ወንፊቷን ማጠብ ጀመረች። በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት ብቻዋን ሆና አታውቅም።

ቀና ስትል ኦቦ አማኑ አልሄዱም። ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ከጎኗ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ።

"ስምሽ ማን ነው?" አሏት።

"ውብአየሁ።"

ስሙን ቀስ ብለው ደገሙት። ዶክተርም አይደለሁም ልትላቸው ነበር፤ የጠየቋት ግን ያን አልነበረም።

"ማንም ካልላከሽ" አሉ ቆይተው፣ "ለምን በዘጠኝ ብቻ ትመጫለሽ?"

 እውነትም ለምን? አንዴ የሞተ ፕሮጀክት ያወጣው ቀን ነው፤ ከዚያ በቀር ምክንያት የለውም።

"ነገ አሥር ነው" አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሡ። "እነሱን የምመልስበት ቀን ነበር። አሁን የምመልሰው የለም። ቀኑን ምን እንደማደርገው አላውቅም።"

በማግስቱ ጠዋት የገፈርሳው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ውብአየሁ ገባች። ቦቲ አላደረገችም፤ ወንፊትም፣ ሳፋም፣ ደብተርም አልያዘችም። ጭኗ ላይ አንድ ፔርሙዝ ሻይና በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ብርጭቆዎች አሉ። ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበል እጇን አየና፣ "እማማ፣ ዛሬ ዓሣው ቀረ እንዴ?" አላት።

"ዛሬ" አለችው፣ "ሰው ጋ ነው የምሄደው።"